ያልተጀመረ ሥራና ተጀምሮ የቆመ ሥራ፦ በተጠቃሚ የተጻፈ ኮድ ሲሠራ የኮምፓይሌሽን ስሕተት አያያዝ

አብዛኛው ፕሮግራም ለተጠቃሚ የሚደርሰው ተጽፎ፣ ኮምፓይል ተደርጎና ተፈትኖ ካበቃ በኋላ ነው። በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ፕሮግራም የኮምፓይሌሽን ስሕተት አይገጥመውም፤ እንዲህ ያለው ስሕተት ኮዱ ገና በአዘጋጁ እጅ ሳለ ታይቶ ታርሟልና። ከዚህ የተለየ ጠባይ ያላቸው ፕሮግራሞች ግን አሉ። ተማሪዎች የሚጽፉትን መልመጃ ተቀብሎ የሚያርም ሥርዓት፣ ተመራማሪው ክፍል በክፍል እየጻፈ የሚያስኬድበት እንደ ጁፒተር ያለ መሣሪያ፣ የሒሳብ ሠራተኛው የራሱን ቀመር እንዲያስገባ የሚፈቅድ የደመወዝ ሶፍትዌር፣ ሁሉም በሥራ ላይ እያሉ ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ ይቀበላሉ፤ እዚያው ኮምፓይል አድርገው ያስኬዳሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው የሊስፕ ጽሑፍ ውስጥ ኮድን እንደ መረጃ ተቀብሎ ዋጋውን የሚያሰላ «ኢቫል» የተሰኘ ፈንክሽን ገልጾ ነበር፤ ስቲቭ ረስልም ይህን በአይቢኤም 704 ኮምፒዩተር ላይ በተግባር አውሎታል።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሲዘጋጅ ቀድሞ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ «ተጠቃሚው የጻፈው ኮድ የተሳሳተ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል?» የሚል ነው። በፈተና ሰዓት አንድ ተማሪ አንዲት ቅንፍ ሳይዘጋ መልሱን ላከ እንበል። ሥርዓቱ በጥንቃቄ ካልተሠራ ከሦስት ክፉ ነገሮች አንዱ ይደርሳል። ወይ አገልግሎቱ በሙሉ ይቆምና የሌሎቹም ፈተና ይስተጓጎላል፤ ወይ ተማሪው «የውስጥ ስሕተት አጋጥሟል» የሚል መልእክት አይቶ ጥፋቱ የሥርዓቱ መስሎት እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፤ ወይም ሥርዓቱ ምንም ሳይናገር ዜሮ ይመዘግብለታል። ሦስቱም የሚመነጩት የተጠቃሚውን የኮምፓይሌሽን ስሕተት እንደ አስተናጋጁ ፕሮግራም ብልሽት ከመቍጠር ነው። በእርግጥ ግን ስሕተቱ የሚጠበቅ ውጤት ነው። ከዚህም በላይ ከውድቀቶች ሁሉ የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው፤ ይህ ስሕተት ሲገኝ ከታዘዘው ሥራ አንዱም ገና አልተጀመረም። መልካም አያያዝ ማለት ይህን ባሕርይ ሳያበላሹ መጠበቅና ለተጠቃሚው በግልጽ ማሳወቅ ነው።

ሁለቱ ደረጃዎች

በጽሑፍ የቀረበ ኮድ በሁለት ዐበይት ደረጃዎች ያልፋል። በመጀመሪያው ደረጃ ኮምፓይለሩ ጽሑፉን በቃልና በምልክት ይከፋፍላል፣ አገባቡን ይመረምራል፣ ከዚያም ሊፈጸም ወደሚችል መልክ ይለውጠዋል። በሁለተኛው ደረጃ ይህ የተለወጠው ኮድ ይፈጸማል። ፋይል የሚሰረዘው፣ መዝገብ የሚለወጠው፣ መልእክት የሚላከው በሁለተኛው ደረጃ ብቻ ነው።

ልዩነቱን ለማየት በጁፒተር ውስጥ ዐሥር መስመር ያለው የፓይተን ክፍል ይታሰብ። በዐሥረኛው መስመር ላይ ቅንፍ ሳይዘጋ ከቀረ ክፍሉ በሙሉ ኮምፓይል ሳይሆን ይቀራል፤ ከዘጠኙ ትክክለኛ መስመሮች አንዱም አይፈጸምም። በዐሥረኛው መስመር ላይ ያለው ችግር ያልተሰየመ ተለዋዋጭ መጥራት ከሆነ ግን ዘጠኙ መስመሮች ተፈጽመዋል። ከእነዚህ አንዱ በሠንጠረዥ ላይ ረድፍ የሚጨምር ቢሆን፣ ተጠቃሚው ስሕተቱን አርሞ ክፍሉን ዳግመኛ ሲያስኬድ ያው ረድፍ ሁለት ጊዜ ይገባል። ቋንቋዎች ሁሉ ይህን ዋስትና አይሰጡም። ለምሳሌ ባሽ የስክሪፕት ፋይልን በየትእዛዙ እያነበበ ስለሚፈጽም፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ያለ የአገባብ ስሕተት የሚታወቀው ከላይ ያሉት ትእዛዞች ከተፈጸሙ በኋላ ነው።

ችግሩ ብዙ ቋንቋዎች ለአመቺነት ሲሉ ሁለቱን ደረጃዎች በአንድ ጥሪ ማጣመራቸው ነው። የፓይተኑ «ኤግዜክ» ጽሑፍ ሲሰጠው ኮምፓይል ያደርግና ወዲያው ይፈጽማል። ይህን ጥሪ በአንድ የስሕተት መያዣ ከብቦ «ሲንታክስ ኤረር» የተባለው ስሕተት ሲመጣ «ኮድዎ የአገባብ ስሕተት አለበት» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ያው ዓይነት ስሕተት በአፈጻጸም መካከልም ሊነሣ ይችላልና። የተጠቃሚው ኮድ ራሱ ያለ እንከን ሆኖ ሳለ በመሐል የተበላሸ ሌላ ሞጁል ቢያስገባ፣ ወይም እርሱ በበኩሉ የተሳሳተ ጽሑፍ ለ«ኢቫል» ቢሰጥ፣ የሚወጣው ስሕተት በስም አይለይም። በዚህ ጊዜ ሥራው ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ ለተጠቃሚው ግን ምንም እንዳልተጀመረ ይነገረዋል።

መፍትሔው ደረጃዎቹን መለየት ነው። በፓይተን መጀመሪያ «ኮምፓይል» በተሰኘው ፈንክሽን ጽሑፉ ወደ ኮድ ኦብጀክት ይለወጣል፤ ይህ ጥሪ የራሱ መያዣ ይኖረዋል። የተገኘው ኦብጀክት ከዚያ ለ«ኤግዜክ» ይሰጣል፤ ይህም በሌላ መያዣ ውስጥ ይሆናል። ከመጀመሪያው መያዣ የሚወጣ መልስ ሁሉ «ኮዱ አልተጀመረም» ማለት ነው፤ ከሁለተኛው የሚወጣው ደግሞ «ኮዱ ጀምሮ ቆሟል»። በጃቫስክሪፕት ተመሳሳይ ክፍፍል የሚገኘው «ኢቫል»ን ትቶ «ፈንክሽን» በተባለው ገንቢ ነው፤ አገባቡ የሚመረመረው ፈንክሽኑ ሲፈጠር ሲሆን የሚፈጸመው ግን ሲጠራ ነው። ጃቫ ከስድስተኛው ዕትም ጀምሮ ኮምፓይለሩን ከፕሮግራም ውስጥ ለመጥራት የሚያስችል ጥቅል ስላለው ክፍፍሉ በራሱ የተሟላ ነው።

ይህ ክፍፍል ሌላም ጥቅም አለው። የደመወዝ ቀመር አንድ ጊዜ ኮምፓይል ተደርጎ ለሺህ ሠራተኞች ሊፈጸም ይችላል። ተጠቃሚው ቀመሩን ሲለውጥ አዲሱ መጀመሪያ ኮምፓይል ይደረጋል፤ ከተሳካ በአሮጌው ቦታ ይተካል፤ ካልተሳካ አሮጌው እንደ ነበረ ይቆያል። አዲሱ ቀመር ሳይመረመር አሮጌውን የሚያጠፋ ሥርዓት ግን በወሩ መጨረሻ ቀን ያለ ቀመር ሊቀር ይችላል።

በዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባ ነገር አለ፤ የሁለቱ ደረጃዎች ወሰን በየቋንቋው ይለያያል። ያልታወቀ ስም መጥራት በጃቫ የኮምፓይሌሽን ስሕተት ሲሆን በፓይተን የአፈጻጸም ስሕተት ነው። ስለዚህ በፓይተን «ኮምፓይል ሆኗል» ማለት አገባቡ ተቀባይነት አግኝቷል ማለት እንጂ ኮዱ ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ቋንቋዎቹ የሚደብቋቸው ወጥመዶች

ስሕተቱን ለመያዝ በቅድሚያ በምን መልክ እንደሚመጣ ማወቅ ያሻል። በዚህ ረገድ ቋንቋዎች አንድ ወጥ አይደሉም። በሩቢ ዓይነቱ ያልተገለጸ የስሕተት መያዣ የሚይዘው «ስታንዳርድ ኤረር» ከተባለው ቤተሰብ የሚወርዱትን ብቻ ነው። የአገባብ ስሕተት ግን «ስክሪፕት ኤረር» ከተባለ ሌላ ቤተሰብ ስለሆነ በመያዣው አልፎ ይሄዳል፤ ፕሮግራሙንም ያቆማል። አዘጋጁ ስሕተቱን በስሙ ካልጠራ በስተቀር መያዣ እንዳለው እያሰበ ያለ መያዣ ይቀራል።

የፒኤችፒ ታሪክ ደግሞ ተቃራኒውን አደጋ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሰባተኛው ዕትም እስኪወጣ ድረስ «ኢቫል» የአገባብ ስሕተት ሲያገኝ ሐሰት የሚል ዋጋ መልሶ ዋናው ፕሮግራም ወደሚቀጥለው መስመር ያልፍ ነበር። የተመለሰውን ዋጋ ያልመረመረ ፕሮግራም ስሕተት መድረሱን ሳያስተውል ይቀጥላል። ከሰባተኛው ዕትም ወዲህ «ፓርስ ኤረር» የሚባል ስሕተት ይነሣል፤ ይሁን እንጂ ይህ ከ«ኤረር» ቤተሰብ እንጂ ከ«ኤክሴፕሽን» ስላልሆነ፣ «ኤክሴፕሽን»ን ብቻ የሚይዝ ኮድ አሁንም ያመልጠዋል።

በጃቫ የተጠቃሚው ስሕተት ከነጭራሹ እንደ ኤክሴፕሽን አይነሣም። ኮምፓይለሩ ሥራው መሳካት አለመሳካቱን በእውነት ወይም በሐሰት ይመልሳል፤ ዝርዝሩን በመሰብሰቢያ ውስጥ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱም ስሕተት መስመሩን፣ ዓምዱንና መልእክቱን ይዞ ይገኛል። ስሕተትን እንደ መረጃ የሚያይ ንድፍ ይህ ነው። ወጥመዱ ያለው በሌላ ቦታ ነው፤ ፕሮግራሙ ኮምፓይለር በሌለበት የጃቫ ማስፈጸሚያ ላይ ከተጫነ ኮምፓይለሩን የሚጠይቀው ጥሪ ባዶ ዋጋ ይመልሳል። በአዘጋጁ ኮምፒዩተር ላይ የሠራው ሥርዓት በሰርቨሩ ላይ የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ፓይተንም ቢሆን በአንድ ዓይነት ስሕተት አይወሰንም። ከቋንቋው ጋር የሚመጣው የመስተጋብራዊ አስፈጻሚ ሞጁል ራሱ ኮምፓይል ሲያደርግ ሦስት ዓይነት ስሕተቶችን ይይዛል፤ እነርሱም የአገባብ ስሕተት፣ የዋጋ ስሕተትና የቍጥር መትረፍረፍ ስሕተት ናቸው። በአንጻሩ የመስመር አጀማመር ክፍተትን የሚመለከቱት ስሕተቶች የአገባብ ስሕተት ልጆች ስለሆኑ ለብቻቸው መያዝ አያስፈልጋቸውም።

ያላለቀ ኮድ የተሳሳተ ኮድ አይደለም

ተጠቃሚው መስመር በመስመር በሚጽፍበት መሣሪያ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። «ከሆነ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ጽፎ ገና ወደ ቀጣዩ መስመር የተሻገረ ሰው ኮዱ ብቻውን ሲታይ የአገባብ ሕግን አያሟላም፤ ሆኖም ሰውየው አልተሳሳተም፤ ገና አልጨረሰም። ሁለቱን ሳይለይ በየመስመሩ ስሕተት የሚያውጅ መሣሪያ ጠቃሚ አይሆንም።

በፓይተን «ኮድኦፕ» የተባለው ሞጁል ለዚህ የተሰናዳ ነው። በውስጡ ያለው ፈንክሽን ሦስት ዓይነት መልስ ይሰጣል። ኮዱ የተሟላና ትክክለኛ ከሆነ ኮድ ኦብጀክት ይመልሳል፤ ያላለቀ ከሆነ ባዶ ዋጋ ይመልሳል፤ ከእንግዲህ ምንም ቢጨመርበት ሊቃና የማይችል ከሆነ ስሕተት ያነሣል። ባለ ሁለት መልስ የሆነው ጥያቄ እንዲህ ባለ ሦስት መልስ መሆኑ ለተማሪ ትልቅ ለውጥ ነው፤ «ቀጥል» እና «ተሳስተሃል» የተለያዩ ቃላት ናቸውና።

መስመሩ የማን ነው?

የስሕተት መልእክት ዋጋው የሚለካው አንባቢው ስፍራውን ለማግኘት በሚወስድበት ጊዜ ነው። የፓይተን የአገባብ ስሕተት የፋይሉን ስም፣ የመስመሩን ቍጥር፣ በመስመሩ ላይ ያለውን ቦታና የመስመሩን ጽሑፍ ይዞ ይመጣል። እነዚህን ጥሎ «ስሕተት አለ» ብቻ የሚል ሥርዓት ኮምፓይለሩ የደከመበትን መረጃ ያባክናል።

ይሁን እንጂ መረጃው እንዳለ ሊያሳስትም ይችላል። ብዙ ሥርዓቶች የተጠቃሚውን ኮድ በራሳቸው ኮድ ይሸፍናሉ፤ ከላይ ጥቂት መስመሮች ይጨምራሉ፣ በፈንክሽን ወይም በክላስ ውስጥም ያስገቡታል። ዘጠኝ መስመር የጻፈ ተማሪ «በ14ኛው መስመር ስሕተት አለ» ሲባል ግራ ይጋባል። ስለዚህ ከተቻለ የተጠቃሚው ኮድ ብቻውን ኮምፓይል ቢደረግና እንደ «የተማሪው ኮድ» ያለ የፋይል ስም ቢሰጠው ይመረጣል። መሸፈን ግድ ከሆነ የተጨመሩት መስመሮች ከቍጥሩ ይቀነሳሉ፤ በሲና በሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ «ላይን» የሚባለው መመሪያ ቍጥሩን ከአንድ እንዲጀምር ያደርገዋል።

መሸፈን ሌላም መዘዝ አለው። ተጠቃሚው የፈንክሽኑን መዝጊያ ቅንፍ ራሱ ጽፎ ከሽፋኑ ውጭ ሌላ ኮድ ቢያስከትል፣ የተሸፈነው ጽሑፍ በአንድነት ሲታይ ትክክለኛ ሊሆን ይችላል። የጃቫስክሪፕት ደንብ የ«ፈንክሽን» ገንቢ የሚቀበላቸው መለኪያዎችና የፈንክሽኑ አካል ለየብቻቸው እንዲመረመሩ የሚያዘው ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ የጸና መሆን አለበት።

መልእክቱ የሚጠቁመው ስፍራ ኮምፓይለሩ ችግሩን ያስተዋለበት እንጂ ችግሩ የተፈጠረበት ላይሆን እንደሚችልም መታወስ አለበት። በቀደሙት የፓይተን ዕትሞች በሦስተኛው መስመር ሳይዘጋ የቀረ ቅንፍ ብዙ ጊዜ በአራተኛው መስመር ላይ እንደ ተፈጠረ የአገባብ ስሕተት ይነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 3.10 ዕትም ግን ያልተዘጋውን ቅንፍ ራሱን ይጠቁማል። ያው ኮድ፣ ያው ስሕተት፣ የተለየ መልእክት፤ ለጀማሪ ግን ልዩነቱ የአንድ ሰዓት ድካም ሊሆን ይችላል።

መልእክቶቹን በአማርኛ ማቅረብ የሚፈልግ አዘጋጅም ከዚህ የሚማረው አለ። በሲ ሻርፕ እያንዳንዱ የኮምፓይሌሽን ስሕተት የራሱ መለያ አለው፤ ለምሳሌ በቍጥር 1002 የሚታወቀው ሴሚኮሎን እንደ ጎደለ ያመለክታል። ትርጉሙን በመለያው ላይ መመሥረት ይቻላል። የፓይተን መልእክቶች እንዲህ ያለ መለያ የላቸውም፤ ቃላቸውም በየዕትሙ ይለወጣል። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል እያመሳከረ የሚተረጕም ሥርዓት ፓይተን በታደሰ ቍጥር መታደስ ይኖርበታል፤ ትርጉም ላልተገኘለት መልእክትም ዋናውን እንዳለ ማሳየት ይገባዋል።

የግዕዝ ፊደልና ኮምፓይለሩ

በአማርኛ የመጻፊያ ሰሌዳ የሚጠቀም ተማሪ የሚያጋጥመው የስሕተት ዓይነት ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ፓይተን 3 በእንግሊዝኛ ፊደል ያልተጻፉ ስሞችን ስለሚቀበል «ድምር» ወይም «ዋጋ» የተለዋዋጭ ስም ሊሆን ይችላል። ሥርዓተ ነጥቡ ግን ሌላ ነው። የቃል መለያው ሁለት ነጥብ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ በሄክሳዴሲማል ቍጥር 1361 ላይ ሲገኝ ፓይተን የሚጠብቀው ኮሎን በ003A ላይ የሚገኝ ሌላ ምልክት ነው፤ በዓይን ሲታዩ እጅግ ይመሳሰላሉ። ተማሪው የሰሌዳውን ቋንቋ መለወጥ ቢረሳ በስክሪኑ ላይ ትክክል የሚመስል ኮድ «ያልተፈቀደ ምልክት» ተብሎ ይመለስበታል።

እዚህ ላይ ሥርዓቱ ራሱ ምልክቱን ቢተካውስ? ይህ መፍትሔ አደገኛ ነው። በጥቅስ ምልክት ውስጥ የተጻፈ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ያንኑ ሁለት ነጥብ በትክክል ሊይዝ ስለሚችል፣ በጅምላ መተካት የተጠቃሚውን ጽሑፍ ያበላሻል። የሚሻለው ስሕተቱ የተጠቆመበትን ፊደል መርምሮ «እዚህ ላይ የገባው የአማርኛ ሁለት ነጥብ ነው፤ የእንግሊዝኛውን ይጠቀሙ» ብሎ መንገርና እርማቱን ለባለቤቱ መተው ነው።

አኃዞችም እንደዚሁ ናቸው። «ዋጋ፩» በፓይተን የተፈቀደ ስም ነው፤ «፩» ብቻውን ሲጻፍ ግን ቍጥር ሆኖ አይቈጠርም፤ የኮምፓይሌሽን ስሕተት ይሆናል። ከዚህ የከፋው በመጀመሪያው ደረጃ የማይታየው ነው። ተማሪው በአንዱ መስመር «ሥራ» በሌላው «ስራ» ብሎ ቢጽፍ ለአንባቢ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፓይለሩ ግን ሁለት ስሞች ናቸው። ፓይተን ስሞችን በዩኒኮድ ደንብ ቢያስተካክልም ሞክሼ ፊደላትን አንድ አያደርግም። ስለዚህ ኮዱ ያለ ችግር ኮምፓይል ይሆንና በአፈጻጸም ላይ ይቆማል። በጃቫ ይኸው ስሕተት ገና ሥራ ሳይጀመር ይያዝ ነበር።

መያዝ መጠበቅ አይደለም

የኮምፓይሌሽን ስሕተትን በሥርዓት የሚይዝ ፕሮግራም ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው ማለት አይደለም። አጥፊ ኮድ ብዙ ጊዜ አገባቡ ያለ እንከን ነው። አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 እንዳሳየው፣ ማናቸውንም ፕሮግራም ተመልክቶ ሥራው የሚያበቃ መሆን አለመሆኑን ሊወስን የሚችል አጠቃላይ ስልት የለም፤ ስለዚህ የማያቋርጥ ዙር በኮምፓይለሩ ይገታል ተብሎ አይጠበቅም። በፓይተን ደግሞ ተጠቃሚው የመውጫ ትእዛዝ ቢጽፍ የሚነሣው ስሕተት «ኤክሴፕሽን» ከተባለው ቤተሰብ ውጭ ስለሆነ ተራውን መያዣ አልፎ አስተናጋጁን ፕሮግራም ሊዘጋ ይችላል።

የመጀመሪያው ደረጃም ቢሆን ፍጹም አስተማማኝ አይደለም። የፓይተን መመሪያ እጅግ የረዘመ ወይም የተወሳሰበ ጽሑፍ ኮምፓይል ሲደረግ አስፈጻሚውን ራሱን ሊጥለው እንደሚችል ያስጠነቅቃል። እንዲህ ያለው ውድቀት ኤክሴፕሽን ስላልሆነ በምንም መያዣ አይያዝም። ስለዚህ የማይታወቅ ሰው የጻፈው ኮድ በተለየ ፕሮሰስ ውስጥ፣ በጊዜ፣ በማስታወሻና በፋይል ፈቃድ ተወስኖ፣ ኮምፓይል ሊደረግም ሊፈጸምም ይገባል። ከተጠቃሚው የሚፈለገው ቍጥር ወይም ዝርዝር ብቻ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ኮድ መቀበሉ ራሱ አስፈላጊ አይደለም፤ ዋጋን ብቻ አንብቦ ምንም የማይፈጽም ጠባብ መንገድ ይበቃል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በአንድ ልዩነት ላይ ይቆማል። ያልተጀመረ ሥራና ተጀምሮ የቆመ ሥራ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ባለቤቱን የሚጠይቀው ማረም ብቻ ነው፤ ሁለተኛው የደረሰውን ለውጥ መመርመርንም ይጨምራል። ሁለቱን ደረጃዎች በተለያየ መያዣ የሚከብብ፣ ያላለቀውን ከተሳሳተው የሚለይ፣ መስመሩን በተጠቃሚው ቍጥር የሚናገር፣ አዲሱ እስኪረጋገጥ አሮጌውን የማይጥል ሥርዓት ይህን ልዩነት ይጠብቃል። በፈተና ላይ ያለው ተማሪም በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ መልሱ ገና እንዳልተሠራ፣ በስንተኛው መስመር ምን እንደ ጎደለ፣ አርሞም ሊልክ እንደሚችል ማወቅ።